የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ራሴ ልቀይር ነው፦ የአሜሪካው ወጥቶ የአውሮፓው ሊገባ፣ አዳማ

የፍራንኮዋ • ቅዳሜ፣ ጠዋት 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ነኝ፣ ፍራንኮ አካባቢ። ቤታችን ጂ ፕላስ ዋን ነው። ኪችን ውስጥ ወንድሜ ድሮ ከአሜሪካ በኮንቴይነር የላከው የዕቃ ማጠቢያ ማሽን አለ። 110 ቮልት ስለሆነ ላቫንዲኖው ሥር ትልቅ ትራንስፎርመር ተቀምጦለታል። አሁን ማሽኑ በበሩ ሥር ውሃ ያንጠባጥባል። ትራንስፎርመሩም ሌሊት ሌሊት ያጉረመርማል። ብርጭቆ ላይ ደግሞ ሁሌም አሸዋ የመሰለ ነገር ይተዋል። በቃኝ።

አዲስ አበባ ቤት የለቀቁ ሰዎች ዕቃ ሲሸጡ አንድ የአውሮፓ ማሽን አገኘሁ። ያገለገለ ነው፣ ግን ንጹህ ነው። 220 ቮልት፣ ወርዱ 60 ሳንቲም። ትናንት በአይሱዙ መጣልኝ። አሁን ሳሎን መሃል ተገትሯል፣ ልጆቹ ቤት ሠርተውበታል።

ባለሙያ ፈልጌ ነበር። አንዱ «እኔ የልብስ ማጠቢያ ነው የማውቀው» አለ። ሌላው ማሽኑን ሳያይ ዋጋ ጠራ። ዋጋውን አልነግራችሁም፣ ያማል። ስለዚህ እኔና የእህቴ ባል ራሳችን ልንገባበት ነው። መፍቻ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ቴስተር፣ ቴፍሎን አለን።

የማላውቀው ይሄን ነው። አሮጌው ከቦይለር በሚመጣ ሙቅ ውሃ ነው የተያያዘው፤ አዲሱስ? የአሮጌው ሽቦ ሶኬት የለውም፣ በቀጥታ ታስሯል፤ እንዴት ልፍታው? አዲሱስ አሮጌው በወጣበት ቦታ ይገባል? የሠራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ።


ቦኩ ሥር • 2፡55

እኛ ቤትም የዕቃ ማጠቢያ ማሽን አለ። እኔ ነኝ። በ220 ነው የምሠራው፣ ትራንስፎርመር አልፈልግም።


ጋሽ ቧንቧ • 3፡20

ልጄ፣ እኔ ከማሽኑ አልጀምርም። ከውሃው ነው የምጀምረው። ሮቶሽ የት ነው ያለው? ከኪችኑ ቧንቧ ስንት ሜትር ይርቃል ወደ ላይ?


የፍራንኮዋ • 3፡31

ጋሼ፣ ጣሪያው ላይ ነው። ከኪችኑ ቧንቧ እስከ ሮቶው ሥር 7 ሜትር ግድም ይሆናል። መስመሩ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁሌም የምንጠቀመው የሮቶውን ነው።


ጋሽ ቧንቧ • 3፡50

እንግዲያው የአሸዋሽን ምክንያት ልንገርሽ።

ውሃ ከ10 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 1 ባር ግፊት ይሰጣል። አንቺ ጋ 0.7 ገደማ ነው። የአሜሪካ ማሽኖች ብዙውን ጊዜ ከ20 ፒኤስአይ (የእነሱ የግፊት መለኪያ ነው) በላይ ይላሉ። ወደ ባር ሲመነዘር 1.4 ነው። ግማሹን ነው ስትሰጪው የኖርሽው። በዚያ ላይ የቆዩት ማሽኖች ውሃ የሚቀዱት በደቂቃ ነው። ቫልቩ ለተወሰነ ጊዜ ይከፈታል፣ ጊዜው ሲያልቅ ይዘጋል። ሞላ አልሞላ አይጠይቅም። በጎደለ ውሃ ሲያጥብ ፍርፋሪው አይወጣም፤ ተመልሶ ብርጭቆ ላይ ያርፋል። ማሽኑ ምስኪን ነው፣ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም።

የአውሮፓዎቹ አብዛኞቹ 0.5 ባር ይበቃቸዋል። የአንቺን በር ከፍተሽ ጠርዙ ላይ የተለጠፈውን ተመልከቺ። 0.05 ሜጋ ፓስካል ካለ ያው 0.5 ባር ነው።

ግን ግፊት ብቻ አይበቃም፣ የሚወርደውም መጠን አለ። ማሽኑ የሚያያዝበትን ቧንቧ ክፈቺና 10 ሊትር ባልዲ ሙዪ። በስልክሽ ሰዓት ያዢ። በአንድ ደቂቃ ወይም ከዚያ ባነሰ ከሞላ ጥሩ ነው። ከዚያ ካለፈ ማሽኑን ከማስገባትሽ በፊት መስመሩን እንነጋገርበታለን።


የፍራንኮዋ • 4፡15

በሩ ላይ 0.05 ይላል። ባልዲው ደግሞ ደቂቃ ሳይሞላው ሞላ። ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! ይሄን ሁሉ ዓመት ወንድሜን ስማረር።


ከዴንቨር • 4፡40

ሰላም እህቴ። እዚህ አሜሪካ የእነዚህን ማሽኖች መግጠም ኑሮዬ ነው። የአሮጌውን ነገር እኔ ልንገርሽ።

የአሜሪካ ማሽን ሙቅ ውሃ ላይ ነው የሚታሰረው፣ እዚህ እያንዳንዱ ቤት ሙቅ ውሃ ስላለው። የአውሮፓው ቀዝቃዛውን ተቀብሎ ራሱ ያሞቃል። ስለዚህ ቀዝቃዛው ላይ አድርጊው፣ ቦይለሩንም ታሳርፊዋለሽ። አንዳንዱ እስከ 60 ዲግሪ ሙቅ ይቀበላል፣ ይህም ማኑዋሉ ላይ ይጻፋል። የሶላር ውሃ ማሞቂያ ካላችሁ ግን እንዳትሞክሪው። በአዳማ ፀሐይ ሶላሩ 60ን አልፎ ይሄዳል።

ቦታው ይበቃል። የአሜሪካ ክፍተት ወርዱ 61 ሳንቲም ነው፣ ቁመቱ ከ87 ሳንቲም ትንሽ ይበልጣል። የአንቺ ማሽን ለብቻው የሚቆመው ዓይነት ከሆነ 85 ነው። ክዳኑ ከወለቀ 82 አካባቢ ይሆናል። እግሮቹን እያዞርሽ ታስተካክያለሽ። በጎን አንድ ሳንቲም ትተርፋለች፣ አትጨነቂባት።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ከተስተካከለ በኋላ ከላዩ ካለው ካውንተር ጋር በብሎን ይታሰር። ታችኛው መሳቢያ በሳህን ሞልቶ ሲወጣ ማሽኑ ወደ ፊት ይደፋል። ልጆች ደግሞ በሩ ላይ ይቀመጣሉ። የእኔዎቹ ተቀምጠዋል።


ቮልት • 5፡05

ኤሌክትሪኩን ለእኔ ተዉት።

ትራንስፎርመሩን እርሺው። አዲሱን በምንም ተአምር እሱ ላይ እንዳትሰኪ። ቮልቴጁ በግማሽ ሲቀንስ የማሞቂያው ጉልበት ሩብ ላይ ነው የሚቀረው። ቦርዱም አይወደውም።

አሮጌውን ስትፈቺ፦ ብሬከሩን አውርጂ። ቴስተሩን መጀመሪያ በሚሠራ ሶኬት ላይ ሞክሪው፣ መብራቱ ይበራ እንደሆነ እይ። ከዚያ የማሽኑ ሽቦ ላይ። ምክንያቱም የሞተ ቴስተር ሁሉንም ሽቦ «ሰላም ነው» ይላል። ታች ከፊት ያለውን ሽፋን ስትፈቺ ትንሽ የብረት ሳጥን ታገኛለሽ፣ ሽቦው እዚያ ነው የታሰረው። የአሜሪካው ጥቁሩ ኤሌክትሪክ ያለበት ነው፣ ነጩ ኒውትራል፣ አረንጓዴው ወይም ራቁቱ ኧርዝ ነው፣ ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው። በእኛ በቅደም ተከተል ቡኒ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት።

ለአዲሱ የራሱ መስመር ስቢለት። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ 16 አምፔር ብሬከር። ማሽኑ ውሃ ሲያሞቅ ወደ 2000 ዋት ይወስዳል። ሶኬቱ ከማሽኑ ጀርባ አይሁን። ጎኑ ያለው ካቢኔት ውስጥ አድርጊው፣ አንድ ቀን ቶሎ መንቀል ትፈልጊያለሽ።

እና ጥያቄ አለኝ። የእንጀራ ምጣድሽ የት ነው የሚሰካው?


የፍራንኮዋ • 5፡12

ኪችን ውስጥ ነው። ለማሽኑ ካሰብኩት ሶኬት ጋር አንድ መስመር ላይ።


ቮልት • 5፡16

እንዳልኩት የራሱ መስመር ይሳብለት። ምጣድ ብቻውን ከ3000 ዋት በላይ ይበላል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ ብሬከሩ ይወርዳል። የሚወርድ ብሬከር ካለሽ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ፣ የማይወርድ ሲሆን ነው ሽቦ የሚቀልጠው።

ኧርዝ መኖሩንም አረጋግጪ። ሶኬቱ ሦስት ቦታ ስላለው ብቻ ኧርዝ አለው ማለት አይደለም። አዳማ ውስጥ ብዙ ቤት ከፍቼ አይቻለሁ፤ ሦስተኛው ሽቦ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ የትም አይደርስም። ብረት፣ ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ የሚቆርጠውን የ30 ሚሊ አምፔር ብሬከር ጨምሪ።


እመ ጀበና • 5፡30

ቮልት ወንድሜ፣ እኔ ለፍሪጅ የገዛሁት መከላከያ አለኝ። መብራት ሲዋዥቅ የሚያጠፋው። እሱ ላይ ብሰካውስ?


ቮልት • 5፡34

ከጀርባው ስንት አምፔር እንደሚል እዪ። ለፍሪጅ ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ትንሽ ናቸው። ማሽኑ 9፣ 10 አምፔር ይስባል። 16 የሚል ካልሆነ ይቀልጣል። ኤክስቴንሽን ላይ መሰካትም ያው ነው፣ አይሆንም።


ሰማያዊ ባጃጅ • 6፡02

ሠራተኛ እያለ ለዚህ ሁሉ ጣጣ? የሁለት ሰዓት ሥራ በእጅ ያልቃል።


የፍራንኮዋ • 6፡10

ወንድሜ፣ ቤቴ ያለችው ልጅ ማታ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። 12 ሰዓት ላይ ከቤት ትወጣለች። ከእራት በኋላ ያለውን ሳህን ማን እንዲያጥበው ነው? አንተ ና።


ሰማያዊ ባጃጅ • 6፡13

ውሃውስ? በፈረቃ እየቀዳን ማሽን ሊጠጣው ነው?


ማሽን ሐኪም • 6፡25

ይሄ የሁሌ ክርክር ነው። ቁጥሩን ልንገርህ። የዛሬ ማሽኖች ኢኮ (ቆጣቢው ፕሮግራም) ላይ ሲሆኑ ለአንድ ሙሉ ዙር 10 ሊትር አካባቢ ነው የሚጠቀሙት። ግማሽ ጀሪካን። ቧንቧ ከፍቶ የሚያጥብ ሰው ይሄንን በሁለት ደቂቃ ይጨርሰዋል።

በሳፋ የሚያጥብ ሰው ግን ሌላ ነው። እናቶቻችን በአንድ ሳፋ ሳሙና፣ በአንድ ሳፋ ማለቅለቂያ ስንት ሳህን እንደሚያወጡ አይተናል። እነሱን ማሽን አያሸንፍም። ግማሽ ባዶ አድርገህ ካስነሳኸው ደግሞ ማሽኑ ሁሌም ተሸናፊ ነው።


ጋሽ ቧንቧ • 6፡50

ወደ ሥራው እንመለስ። የቧንቧውን ልጨርስላት።

የአሮጌው መግቢያ ቀጭን ነው፣ 3/8 ነው የሚሆነው። የአዲሱ ጎማ ጫፍ 3/4 ኢንች ነው። አይገጥሙም። አስማሚ ፈልገሽ አትንከራተቺ። ማንኛውም የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ገብተሽ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቫልቭ ስጡኝ በያቸው። ግድግዳው ላይ 1/2 ይገባል፣ ማሽኑ ጋ 3/4 ይወጣል። ግድግዳው ላይ ያለው ጥርስ ቴፍሎን ይጠቀለልበት። የጎማው ጫፍ ግን ቴፍሎን አይፈልግም፣ ውስጡ ጎሚኒ አለው። በእጅ አጥብቀሽ በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ። ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ጉልበቱን ያሳያል፣ ጎሚኒው ይቆረጣል።

የጎማው ጫፍ ላይ ወፈር ያለ የፕላስቲክ ሳጥን ካለ እሱ ውሃ ሲፈስ የሚዘጋ ቫልቭ ነው። ውስጡ ኤሌክትሪክ ያለው ዓይነት አለ። ጎማው አጠረ ብለሽ እንዳትቆርጪው። ውሃ ውስጥም አትንከሪው።

የማስወጫው ጎማ ከመሬት በቀጥታ ሲፎን ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ ወደ ላይ ይውጣ፣ ካውንተሩ ሥር ይታሰር፣ ከዚያ ወደ ሲፎኑ ይውረድ። ይሄ ካልሆነ የላቫንዲኖው እጣቢ ተመልሶ ማሽኑ ውስጥ ይገባል። አዲስ ሲፎን ከገዛሽ ደግሞ ለማሽን የተተወችው አፍ በፕላስቲክ ተደፍና ነው የምትመጣው። ቁረጫት! ብዙ ሰው ሳይቆርጥ ያስርና ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ይደውላል።


የፍራንኮዋ • ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9፡30

አሮጌው ወጣ! ብሬከር ወረደ፣ ቴስተሩ ተሞከረ፣ ሽቦው ተፈታ። ከታች ከበሩ ውስጥ ማጣሪያውን ሳወጣው ሥሩ ውሃ ነበረ። በስፖንጅ እየጠጣን በሳፋ ጨመቅን። ይሄን ሳናደርግ ብንገፋው ኖሮ ኪችኑ አዋሽ ይሆን ነበር።

ከጀርባው ያገኘነውን አልዘረዝርም። የበረሮ አገር ነው። ሦስት የቡና ማንኪያና ሠራተኛዋ ሰረቀችው ተብሎ የታማች አንድ የብር ሹካም ተገኘ። ማሚ ሹካውን አይታ ዝም ብላለች።


ቦኩ ሥር • 9፡36

ማሚ ለሠራተኛዋ ካሳ ትክፈል።


ወንጂ ማዶ • 9፡50

እህቴ፣ ትራንስፎርመሩ ይሸጣል? ስንት ቪኤ ነው? አክስቴ የላከችልኝ ብሌንደር ቁጭ ብሏል።


የፍራንኮዋ • 9፡58

3000 ይላል። ለብሌንደር ይበዛብሃል ግን ከፈለግክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ሁለት ሰው ይዘህ ና፣ ብቻህን አታነሳውም።


የፍራንኮዋ • እሑድ፣ ከሰዓት 8፡15

ወገን ድረሱልኝ። ሁሉንም ገጠምን። አዲስ መስመር ተስቧል፣ ኧርዙ ተሞክሯል፣ ቫልቩ አያንጠባጥብም፣ የሲፎኑ አፍ ተቆርጧል፣ ውሃ ልክ አስቀምጠን አስተካክለነዋል። ሶኬቱን ሰካነው። ውሃ አይቀዳም! ሥሩ ያለው ፓምፕ ብቻ እዝዝዝ ይላል፣ አያቆምም። በማጥፊያው ቁልፍ ብናጠፋውም አያቆምም። ሶኬት ስንነቅል ነው የሚያቆመው። ሻጮቹ ደወልኩላቸው፣ «እኛ ጋ ሲሠራ ነበር» ይላሉ። የእህቴ ባል «ተሸወድሽ» እያለ ነው።


ሰማያዊ ባጃጅ • 8፡22

ተሸውደሻል።


ጋሽ ቧንቧ • 8፡30

ግፊት አይደለም። ግፊት ቢሆን ለመቅዳት ይሞክር ነበር፣ ቆይቶ ነው የሚከሰው። ይሄ ጭራሽ ቫልቩን አልከፈተም። የማሽን ሰው ይናገር።


ማሽን ሐኪም • 8፡41

አልተሸወድሽም ባይ ነኝ። አንድ ጥያቄ። አይሱዙው ላይ ቆሞ ነው የመጣው ተኝቶ?


የፍራንኮዋ • 8፡44

ተኝቶ። ከሌላ ዕቃ ጋር ነው የጫኑት። ሻጮቹ ደግሞ ንጹህ ይሁንልሽ ብለው ከመጫኑ በፊት ባዶውን አጥበውት ነበር።


ማሽን ሐኪም • 9፡00

ተገኘ።

ማሽን አጥቦ ሲጨርስ ሁሉም ውሃ አይወጣም። ማጣሪያው ሥር ትንሽ ይቀራል፣ አሮጌው ላይ በስፖንጅ ያወጣሽው ዓይነት። ማሽኑ ሲተኛ ያ ውሃ ወደ ውጭ ይፈስና ከሁሉ በታች ያለው ሰፊ ትሪ ውስጥ ይጠራቀማል። ትሪው ላይ ቁራሽ ፎም አለች። ውሃ ሲኖር ትንሳፈፋለች፣ ስትንሳፈፍ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ትጫናለች። ማሽኑ ይሄን ሲያይ የሚያስበው አንድ ነገር ነው። ውሃ እየፈሰሰ ነው፣ ቤቱ ሊጥለቀለቅ ነው። ስለዚህ መቅዳቱን ይዘጋል፣ ማስወጣቱን ይቀጥላል። ማስወጫው ፓምፕ ግን የትሪውን ውሃ አይደርስበትም። ለዚህ ነው ለዘላለም እዝዝ የሚለው።

እንዲህ አድርጉ። ሶኬቱን ንቀሉ። ቫልቩን ዝጉ፣ ጎማዎቹን ፍቱ። መሳቢያዎቹን አውጡ። ወደ በረንዳ ጎትቱት። ለሁለት ይዛችሁ ወደ ኋላ አዘንብሉት፣ ግማሽ ያህል ብቻ፣ ጨርሶ አይተኛ። ውሃው ከጀርባ ጥግ ይወጣል። ከዚያ አቁሙት፣ ከፊት ታች ያለውን ሽፋን ፍቱና በባትሪ ወደ ውስጥ እዩ። የቀረውን በጨርቅ ጠጡት። ፎሟ ወርዳ ትሪው ላይ ማረፏን በጣት ነካ አድርጋችሁ አረጋግጡ፣ አንዳንዴ በቆሻሻ ተይዛ ትቀራለች። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይዋል። ለዚህ ከአዳማ የተሻለ ከተማ የለም።


ከዴንቨር • 9፡10

ትክክል። የአሜሪካዎቹ ብዙዎቹ ይሄ ትሪ የላቸውም፣ ለእኔ ይሄ አይመጣልኝም ነበር።


የፍራንኮዋ • ሰኞ፣ ማታ 1፡20

ሠራ!!!

ስናዘነብለው የወጣው ውሃ አንድ ጣሳ አይሞላም። ለዚህች ነው ያ ሁሉ ጩኸት። ፎሟ የክብሪት ሳጥን ታህል ነጭ ነገር ናት፣ ጠርዟ ላይ የወረቀት ቁራጭ ተጣብቆባት ከፍ ብላ ቀርታ ነበር። ወረቀቱን አነሳነው፣ ጠብ አለች። ዛሬ ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ዋለ፣ ማታ መልሰን ሰካነው። ትንሽ ዝም አለ፣ ከዚያ ውሃ ሲቀዳ ተሰማ። የእህቴ ባል አጨበጨበ። «ተሸወድሽ» ያለው እሱ እንዳልሆነ ሁሉ።

ማሽን ሐኪም፣ አዳማ ከመጣህ ቡና አለህ። ጋሼ፣ እርስዎም። ቮልት፣ አንተም።

አሁን ስለ ሳሙናና ጨው ንገሩኝ። ውስጡ የጨው ቦታ አለው፣ የአሜሪካው አልነበረውም።


እመ ጀበና • 1፡35

እንኳን ደስ አለሽ የኔ እህት! እኔ ከሳሙናው በፊት ስለ ዕቃው ልንገርሽ፣ እኔ ላይ የደረሰ ነውና። ጀበና አታስገቢ፣ ሸክላ ሳሙና ይጠጣል፣ ቡናው ሳሙና ሳሙና ይላል። ወርቅ ቅብ ሲኒ ቅቡ ይለቃል። የአሉሚኒየም ድስት ደግሞ ይጠቁራል። ነጭ ገብቶ እርሳስ መስሎ ይወጣል፣ ፈትገሽም አይመለስም። የእንጨት ማማሰያ ይሰነጠቃል። አይዝጌ ብረት ድስት፣ ሳህን፣ ብርጭቆ፣ ማንኪያ ብቻ።

ቁሌት የነበረበትን ፕላስቲክ ዕቃ ካስገባሽ ቀዩ አይለቅም። እርድም እንደዚያው ነው።


ማሽን ሐኪም • 1፡50

ሳሙና፦ በእጅ የምናጥብበትን ፈሳሽ ሳሙና አንዲት ጠብታ እንኳ እንዳትጨምሪ። አረፋው በበሩ ይወጣል፣ እዚያው ትሪ ውስጥ ይወርዳል፣ ፎሟ ትነሳለች፣ የትናንቱ ዘፈን እንደገና ይጀምራል። ኦሞም አይሆንም። ለዕቃ ማጠቢያ ማሽን የተሠራውን ዱቄት ወይም ታብሌት ግዢ።

ጨው፦ የአውሮፓው ማሽን ውስጥ ውሃ የሚያለሰልስ ክፍል አለ። ከውሃው ካልሲየምና ማግኒዚየም ይይዛል። ሲጠግብ በጨው ውሃ ይታጠብና እንደገና ይሠራል። የወጥ ጨው አታድርጊበት። አዮዲን አለው፣ እንዳይጋገር የሚጨመርበትም ነገር አለ፣ ደቃቅ ስለሆነም ይደፍናል። ለማሽን ተብሎ የሚሸጠው ደረቅ ያለ፣ ትልልቅ ፍሬ ያለው ነው። መጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ቦታውን ውሃ ሞልተሽ ከዚያ ጨው ጨምሪ። ጨው እንደጨመርሽ ወዲያው አንድ ዙር አስነሺው፣ የፈሰሰ ጨው ብረቱን ይበላል።

ውሃሽ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሻይ ማፍያሽን ውስጡን አይተሽ ፍረጂ። ነጭ ቅርፊት ቶሎ የሚይዝ ከሆነ የጨው ማስተካከያውን ከፍ አድርጊ። ካልያዘ ዝቅ።


ወንጂ ማዶ • 2፡05

ትራንስፎርመሩን ወሰድኩ፣ ብሌንደሩ ይዘፍናል። ጥያቄ ግን አለኝ። እኛ ጋ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ አለበት፣ ጥርስ የሚያበላሸው። ይሄ የጨው ነገር ፍሎራይዱን ያወጣዋል?


ማሽን ሐኪም • 2፡12

አያወጣም። እሱ የሚይዘው ካልሲየምና ማግኒዚየም ብቻ ነው። ፍሎራይድ እንዳለ ያልፋል። ለሳህን ማጠቢያ ግን ችግር የለውም። ፍሎራይድ የሚጎዳው ለዓመታት ሲጠጣና ምግብ ሲበስልበት ነው፣ በተለይ ልጆችን። ለመጠጥ የሚሆን ውሃ ሌላ መፍትሔ ይፈልጋል።


ጋሽ ቧንቧ • 2፡30

የፍራንኮዋ፣ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። የአዳማ ውሃ ከአዋሽ ተጣርቶ ነው የሚመጣው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይደፈርሳል፣ ሮቶሽ ሥር ደለል ይቀመጣል። የማሽኑ ጎማ መግቢያው ላይ ትንሽ ወንፊት አላት። ቫልቩን ዝጊ፣ ጎማውን ፍቺ፣ በፒንሳ ጎትተሽ አውጫትና በቧንቧ ውሃ እጠቢያት። በክረምት በየወሩ እያት። ከሮቶው ሲወርድ መስመሩ ላይ ማጣሪያ ብታስገቢ ደግሞ ለሻወርሽም ይተርፋል።


ኮንዶሚኒየም 4ኛ • 3፡00

ሰላም። ይሄን ሁሉ አንብቤ አማረኝ። 45 ሳንቲሟን ጠባቧን ልገዛ ነው። ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ፣ ሮቶዬ በረንዳዬ ላይ ወንበር የሚያህል ብረት ላይ ነው። ቀጥታ መግዛት ነው አይደል?


ጋሽ ቧንቧ • 3፡08

ቆይ። ባልዲ ሙላና ሰዓት ያዝ።


ኮንዶሚኒየም 4ኛ • 3፡25

ከሮቶው 10 ሊትር በሦስት ደቂቃ ገደማ።


ጋሽ ቧንቧ • 3፡33

እንግዲያው መጀመሪያ ፓምፕ ነው፣ ማሽኑ ቀጥሎ። ሮቶህ ከወለሉ አንድ ሜትር ከሆነ ግፊትህ 0.1 ባር ነው። ማሽኑ ውሃ አጣሁ ብሎ መሃል ላይ ይቆማል። ቧንቧ ስትከፍት በራሱ የሚነሳ፣ ስትዘጋ የሚቆም ትንሽ ፓምፕ ከሮቶው ቀጥሎ አስገባ። ከሮቶው በፊት፣ የከተማው መስመር ላይ ግን እንዳታስገባው፤ የጎረቤትህን ውሃ ነው የምትስበው። ፓምፑ ከገባ በኋላ እንደገና ባልዲ ሙላና ጻፍልን።


ኮንዶሚኒየም 4ኛ • 3፡36

እሺ ጋሼ። ፓምፑ ጩኸት አለው? ከታች ያሉት ሰዎች ቁጡ ናቸው።


ጋሽ ቧንቧ • 3፡41

ሥሩ ወፍራም ጎማ አንጥፍ፣ ግድግዳ አይንካ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ አታስነሳው።